ስለ ዕፀ መድኃኒት በቤት መማር
(በደብራችን የ50ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ቅኔ እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ቅኔ በዚሁ አደባባይ ብዙ ጊዜ ስለ ተናገርሁ፥ እናንተም ብዙ ጊዜ ስለ ታገሣችሁኝ፥ ዛሬስ ስለ ቅጠል ልናገር ብዬ ፈቃድ ለመንሁ። ከአዘጋጆቹም አንዱ ሣቅ ብሎ «መሪጌታ፥ ሥር ማሽ ሊባሉ ነውን?» አለኝ።

ይህ ቀልድ ውስጡ እውነት አለበት። በአገራችን ደብተራ ቅጠል ይዞ ሲሄድ የታየ እንደ ሆነ፥ ያየው ሰው ወይ ይፈራዋል ወይ ያማዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። እኔ ባለመድኃኒት አይደለሁም፤ ለማንም ሰው መድኃኒት አልሰጥም፥ አልሸጥምም። ከጎልማሳነቴ ወዲህ በቤቴ ተቀምጬ ዕፅዋትን የምማር ተማሪ ነኝ። ተማሪ ደግሞ ያወቀውን ብቻ ሳይሆን የሳተውንም መናገር ይገባዋል፤ ዛሬ የቆምሁትም ይልቁን ለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ዕድሜዬ 42 ዓመት በሆነ ጊዜ አጎቴ ዐረፉና አንዲት ትንሽ የብራና መጽሐፍ ለእኔ ደረሰች። መጽሐፈ መድኃኒት ናት። ግማሹ ግእዝ፥ ግማሹ አማርኛ ሆኖ፥ ለራስ ፍልጠት፥ ለሆድ ቁርጠት፥ ለቁስል፥ ለእባብ መርዝ እያለ የሚወርድ ነው። እኔም ቅኔ ስዘርፍና ሳስቈጥር የኖርሁ ሰው ነኝና ይህችስ ለእኔ ምን ታቅተኛለች ብዬ በትዕቢት ከፈትኋት። ቃሉ ሁሉ ገባኝ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። መጽሐፉ የእገሌን ዕፅ ሥር ውሰድ ሲል፥ የዕፁን ስም እስከ እርባታው ድረስ መተርጐም እችላለሁ፤ ያ ዕፅ ግን በቤቴ አጥር ላይ በቅሎ ሳለ በየዕለቱ አልፈው ኖሬአለሁ። በቅኔ ሰሙን የያዘ ወርቁን ይፈልጋል። በዚህ ትምህርት ግን ስሙ ሰም ነው፥ ወርቁ ከደጅ በምድር ላይ የበቀለው ቅጠል ነው፤ እኔም ሰሙን ይዤ ወርቁን ያጣሁ ሆኜ ተገኘሁ።

ስሙም ቢሆን እንደ ሀገሩ ይለዋወጣል። እኛ እንዶድ የምንለውን በትግርኛ ሽብጢ፥ በኦሮምኛ አንዶዴ ይሉታል። ብሳና በትግርኛ ታምቡክ፥ በኦሮምኛ በካኒሳ ነው። ይህስ ቀላል ነው፤ ጠይቆ ይደረስበታል። የሚከፋው ስሙ አንድ ሆኖ ተክሉ ብዙ የሆነ እንደ ሆነ ነው። መጽሐፉ በደፈናው እሬት ይላል፤ በአገራችን ግን የእሬት ዓይነት ብዙ ነው። የትኛውን? ጸሐፊው ያውቀው ነበር፤ ለሚከተለው ሰው ግን አልነገረውም።

የውጭ አገር ሊቃውንት ይህን ችግር ያቃለሉበት መንገድ ለእኛ ለካህናት እንግዳ አይመስለኝም። ካርል ሊኔዩስ የተባለው የስዊድን ሰው በ1753 ዓ.ም. (የውጭውን ዓመት ሁሉ የምናገረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ለያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ያለው ስም በላቲን ሰጠ። ላቲን ዛሬ በገበያ የማይነገር ስለ ሆነ፥ እንደ ግእዝ ሁሉ ትርጉሙ በየመንደሩ አይለዋወጥም። ስለዚህ አንድ ተክል የዓለም ስሙ በየአገሩ ልዩ ልዩ ቢሆንም የክርስትና ስሙ አንድ ነው ማለት ነው። የእኛ ኮሶ የክርስትና ስሙ ሐጌንያ አቢሲኒካ ይባላል፤ በ1791 ዓ.ም. በኬኒግስበርግ ለነበረው መድኃኒት ቀማሚ ለሐገን መታሰቢያ የተሰጠ ስም ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የሚባለው ትልቅ ሥራ ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2009 ዓ.ም. በ8 ክፍል ተፈጽሟል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለ ሆነ ልጄን እያስነበብሁ ጥቂት ጥቂት ተጠቅሜበታለሁ።

አሁን እንዴት እንደምማር ልናገር። በልጅነቴ ዳዊትን በቃሌ የያዝሁት ሰው፥ በ42 ዓመቴ ጧት የሰማሁትን የቅጠል ስም ማታ አጣው ጀመር። እጅግ አዘንሁ። በኋላ ግን የጎልማሳ አእምሮ በጆሮ ብቻ የሚማር እንዳልሆነ አወቅሁ፤ እጅም አፍንጫም ይማራሉ። ስለዚህ በወር አንድ ዕፅ ብቻ፥ በዓመት 12 ብቻ ልማር ብዬ ወሰንሁ። ቅጠሉን ከአበባው ጋር ቈርጬ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርጌ ድንጋይ እጭንበታለሁ፤ እንዳይሻግት ወረቀቱን በየቀኑ እለውጣለሁ። ከደረቀ በኋላ በወፍራም ወረቀት ላይ ሰፍቼ የተለቀመበትን ቀን፥ ቦታውን፥ የአበባውንም መልክ እጽፋለሁ፤ አበባ ሲደርቅ መልኩን ይጥላልና። ጤና አዳምንና ዳማከሴን በጓሮዬ ተከልሁ። ጦስኝንም ተክዬ ነበር፤ እርሱ ግን የደጋ ልጅ ስለ ሆነ ጓሮዬን ናቀና ደረቀ።

ከመጽሐፉ ይልቅ ያስተማሩኝ ሴቶች ናቸው። ይህን በካህናት ፊት መናገር አያሳፍረኝም። በገበያ ቅመምና ቅጠል የሚሸጡ አንዲት መነኵሲት ነበሩ። አንድ ቀን ከሜዳ የለቀምሁትን ቅጠል ይዤ ሄድሁና «እማሆይ፥ ይህ ዳማከሴ ነውን?» አልኋቸው። ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ወደ አፍንጫዬ አቀረቡና «መሪጌታ፥ እርስዎ በዓይንዎ ብቻ ነውን የሚያነቡት? በአፍንጫዎም ያንብቡ እንጂ» አሉኝ። አሸተትሁት፤ የበሶብላ ሽታ ሆኖ አገኘሁት። ዳማከሴና በሶብላ የአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸው፤ በቅጠል ይቀራረባሉ፥ በሽታ ግን ይለያያሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጽሕፈቴ ላይ የሽታ መስመር ጨመርሁ። እማሆይም በየሳምንቱ አንድ አንድ ነገር ይነግሩኝ ነበር፤ ዋጋውም አንድ ቁና ሽንብራ ነበረ።

እዚህ ላይ የአብነት ተማሪ የነበራችሁ ሁሉ የምታውቁትን ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ እርሱም አብሾ ነው። በትምህርት ቤት ሳለን፥ አእምሮን ይከፍታል፥ የሰሙትን አያስረሳም እየተባለ በድብቅ የሚጠጣ ነገር ነበረ። ከሚገባበትም ዋናው አስተናግር ነው ይባላል፤ እርሱም በቆሻሻ ቦታና በፈረሰ ቤት ዙሪያ የሚበቅለው፥ አበባው እንደ መለከት የረዘመ፥ ፍሬው እሾሃም የሆነው ተክል ነው። አንድ ባልንጀራችን በክረምት ጠጣ። አፉ ደረቀ፥ ዓይኑ ፈጠጠ፥ ብሌኑ ሰፋ፥ የሌለ ሰው እያየ ሌሊቱን ሙሉ ሲለፈልፍ ዐደረ። እኛም ምስጢር ተገለጠለት ብለን ቀናንበት! የሚለውን እንጽፍ ዘንድ ቀለም የፈለገ ነበር። ዛሬ የማውቀው ግን፥ በዚያ ፍሬ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ብርቱ መርዞች አሉ፤ በሐኪም እጅ በጥቂቱ ተመዝነው ይጠቅማሉ፥ በተማሪ እጅ ግን አእምሮን ያናውጣሉ፥ ነፍስንም ያጠፋሉ። የሰፋው የባልንጀራችን ብሌን እንጂ አእምሮው አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ተሻለው፤ ነገር ግን ወደ ቅኔው ቤት አልተመለሰም። ዛሬም በአብነት ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ይህን እንዳይሞክሩ መምህራን በግልጽ ሊነግሩአቸው ይገባል። ዝም ማለታችን ነገሩን አላጠፋውም፤ ምስጢር አድርጎ አስከበረው እንጂ።

ሁለተኛው ያስተማረኝ ኮሶ ነው። ኮሶ ወንዱና ሴቱ በየዛፉ የተለየ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቲቱ አበባ ነው። ጥሬ የበሬ ሥጋ መብላት የሚያመጣውን ረጅም ትል ለማውጣት አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ያህል ይጠጡት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞችም በመድኃኒት መጽሐፋቸው ጽፈውታል። እንግዲህ መጽሐፌ ስለ መጠኑ ምን ይላል? እፍኝ ይላል። የማን እፍኝ? የአጎቴ እፍኝ የእኔን ሁለት ይሆን ነበር። የዘንድሮ አበባስ ነው ወይስ ሦስት ዓመት በጓዳ የተቀመጠ? የቈየው ኀይሉ ይደክማል፤ በአሮጌው የለመደ ሰው በአዲሱ ያንኑ እፍኝ ቢወስድ ይጐዳል። ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ዓይንን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ የታወቀ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ሴትማ ፈጽሞ አይገባም። ዛሬ በጤና ጣቢያ ለዚህ ትል ፕራዚኳንቴል የሚባል በሚዛን የተለካ እንክብል አለ። እኔ ስለ ኮሶ መማሬን አልተውሁም፤ መጠጣቱን ግን ትቻለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ትምህርቱን በጀመርሁ በአምስተኛው ዓመት የእኅቴ ልጅ በመስከረም ከመተማ በኩል ከሰሊጥ አረም ሥራ ተመልሶ በቤቴ ዐረፈ። ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። በሁለተኛው ቀን ትኵሳትና ራስ ምታት ያዘው። እኔም እጁን ዳስሼ፥ ላቡንም አይቼ «ምች ነው» አልሁ። ከጓሮዬ ዳማከሴ ቈርጬ ጨምቄ አጠጣሁት፥ ገላውንም አሸሁት። ማታ ተሻለው። እኔም ደስ ብሎኝ፥ እውነቱን ልናገርና፥ በልቤ ተመካሁ። በማግሥቱ ትኵሳቱ ተመለሰ፤ ያንኑ ጨመርሁለት፥ ነጭ ሽንኩርትም አከልሁበት። በሦስተኛው ቀን ማታ የእናቱን ስም ስንጠይቀው ሌላ ይመልስ ጀመር። ጐረቤታችን የሆነች የጤና ሠራተኛ ተጠርታ መጣችና ዓይኑን ገልጣ አይታ «አባቴ፥ ከየት ነው የመጣው?» አለችኝ። ከመተማ አልኋት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ሳትናገር ሰው አስነሥታ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል አስወሰደችው።

ወባ ነበረ፤ ይኸውም ወደ አንጎል የሚወጣው ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው ወባ። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ልጁ በመርፌ ታክሞ በአምስተኛው ቀን ተነሣ፤ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጧል፥ ይህንንም እንድናገር ፈቅዶልኛል። እኔን የሚቈጨኝ ቅጠሉን አለማወቄ አይደለም። ቅጠሉ ዳማከሴ ነበረ፥ በደንብም ለይቼዋለሁ። የሳትሁት በሽታውን ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ 60 ዕፅ ተምሬ፥ ከየት መጣህ ብሎ መጠየቅን አልተማርሁም ነበር።

ስለዚያ መርፌ በኋላ የሰማሁት ነገር ይበልጥ አስደነቀኝ። የመርፌው መድኃኒት አርቴሱኔት ይባላል፤ የተሠራውም ከቅጠል ነው። ቱ ዮዮ የተባለች የቻይና ሴት ሊቅ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ የቀድሞ መጻሕፍትን ትመረምር ነበር። ጌ ሆንግ የተባለው ሰው በ4ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ፥ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት እንጂ ማፍላት እንዳልተጻፈ አስተዋለች። እርስዋና ባልደረቦችዋ እስከዚያ ድረስ በእሳት ያወጡት ነበርና፥ ሙቀቱ ኀይሉን አጥፍቶት ይሆን? ብላ በዝቅተኛ ሙቀት ብታወጣው በ1971 ዓ.ም. ተሳካላት፤ በሚከተለውም ዓመት አርቴሚሲኒን የተባለው ነገር ተለየ። በ2015 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። አገራችንም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚሁ ዘር የተሠራውን እንክብል ለፋልሲፓረም ወባ አውጃለች። እንግዲህ የብራና አንባቢዎች ሆይ፥ አንዲት ሊቅ ከአሮጌ መጽሐፍ አንድ ዐረፍተ ነገር በትክክል ስላነበበች፥ የእኅቴ ልጅ ነፍስ ተረፈ። ነገር ግን አንብባ ብቻ አላቆመችም፤ በእንስሳ ፈተነችው፥ ለሰው ከመስጠቷም በፊት በራስዋ ላይ ሞከረችው። ይህን ሰምታችሁ ደግሞ ወደ ጭቁኝ እንዳትሮጡ! የእኛ ጭቁኝ የዚያ ቅጠል የሩቅ ዘመድ ነው፤ ወባ የሚያድነው ነገር ግን እንደ ቻይናው በውስጡ አይገኝም። ዘመድነት መድኃኒትነት አይደለም።

ስለ አስማቱ የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የአጎቴ መጽሐፍ ከሦስት አንድ እጅ የሚሆነው አስማትና ጠልሰም ነው። ለንስሐ አባቴ ወስጄ አሳየኋቸው። እኔ ይቃጠል ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቅጠሉን ከአስማቱ ለይ አሉኝ። ስለዚህ እነዚያን ጥራዞች በክር ሰፍቼ ዘጋኋቸው፤ እስከ ዛሬም አልፈታኋቸውም። መጻሕፍት አምላካውያት መድኃኒትን ከነቀፉ እንዲህ አልልም ነበር። ነገር ግን ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ቁስል የበለስ ጥፍጥፍ አዝዟል፤ ቅዱስ ሩፋኤልም ለጦቢት ዓይን የዓሣ ሐሞት አመልክቷል። በነዚህ ሁሉ ነገሩ የተገለጠ ነው፤ ድብቅ የለበትም።

እኔ የማዝነው በድብቁ ነው። ባለመድኃኒቱ ሲሞት ለልጁ እንኳ ሳይነግር ይሞታል፤ ቅጠሉ ግን በደጁ በቅሎ ይቀራል። የእንዶድን ነገር ተመልከቱ። እንዶድ ልብስ ማጠቢያ ስለ ሆነ ሴቶች ሁሉ በወንዝ ዳር በአደባባይ ያውቁት ነበር። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሐርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፥ ይህ ማየት ታላቅ ምርምር ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን ተሸለሙበት። እንዶድ የባለመድኃኒት ምስጢር ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር?

አሁን የመጣሁበትን ልመና ልናገርና ላብቃ። በደብራችን ቅጥር ውስጥ፥ ከቤተ ልሔሙ በስተ ጀርባ ሁለት የኮሶ ዛፎች አሉ፤ አንዱ ወንድ፥ አንዷ ሴት ናቸው። ለኢዮቤልዩው መታሰቢያ የሚሠራው አዳራሽ መሠረቱ በወንዱ ዛፍ ላይ እንደሚወጣ በንድፉ አይቻለሁ። አዳራሹ እንዲሠራ እኔም አዋጥቻለሁ፥ እወድማለሁ። ነገር ግን በዚህ አጥቢያ ሌላ የኮሶ ዛፍ አላውቅም፤ ወንዱ ከተቈረጠ ሴቲቱ ከዚህ በኋላ የሚበቅል ዘር አይኖራትም። መሠረቱ 12 ክንድ ወደ ደቡብ ቢገፋ ሁለቱም ይተርፋሉ፤ በዚያ በኩል ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፥ ስለ እርሱ የሚከራከር ሰው አይኖርም። የሰበካ ጉባኤው ንድፉን ወደ ግንበኛው ሳይልክ ይህን እንዲመለከትልኝ እለምናለሁ።

የአጎቴንም መጽሐፍ፥ የደረቁትንም 130 ቅጠሎች ከነጽሕፈታቸው ለደብሩ ዕቃ ቤት እሰጣለሁ፤ የተሰፋው እንደ ተሰፋ ይቈያል። መማር የሚወድ፥ ወንድም ሴትም፥ ሽማግሌም ልጅም፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ ይምጣ። ሲመጣም ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን አበባውን ጭምር ይዞ፥ የት እንደ ለቀመውም አስታውሶ ይምጣ። የአስተናግር ቅጠል ይዞ የሚመጣ የአብነት ተማሪ ካለ፥ አስቀድሜ እጁን አስታጥበዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን አስተምረዋለሁ።